ፒልቦክስ፦ ጃኪም አለፈች፣ ዘመኑም አለፈ፣ ኮፍያው ግን አለ

መርፌና ክር

ሰላም ለቤቱ። ስለ ድሮ ፋሽን ባወራን ቁጥር ቀሚስና ጫማ ላይ ነው የምንከርመው። ዛሬ ወደ ራስ እንውጣ።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የሴት ኮፍያዎች አንዱን ብቻ አስቀሪ፣ ሌላው ይጣል ብባል ፒልቦክስን ነው የማስቀረው። ለማታውቁት፦ ጠርዝ የለውም። ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፣ አናቱ ዝርግ። ድሮ ክኒን የሚቀመጥባትን ክብ ሳጥን ይመስላል፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጃኪ የምትባለውን የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ዣክሊን ኬኔዲን በፎቶ ያየ ሰው ፒልቦክስን አይቷል።

ሰው ሁሉ ታሪኩን ከጃኪ ይጀምራል። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1920ዎቹ የነገሠው ክሎሽ ነበር። እስከ ቅንድብ ተደፍቶ ጆሮንም ፀጉርንም የሚውጠው ኮፍያ። ያምራል፣ አልክድም። ግን ፀጉርሽን አጭር ካልተቆረጥሽ አይገባልሽም። ፊት ለፊትሽ የቆመውን ሰው ለማየትም አገጭሽን ቀና ማድረግ አለብሽ። በ1930ዎቹ ኮፍያዎች እያነሱ፣ ከግንባር ላይ እየተነሱ መጡ። ፒልቦክስ የሴቶች ፋሽን ውስጥ የገባው ያኔ ነው። የሆሊውዱ ልብስ ነዳፊ አድሪያን ለፊልም ተዋናይቷ ግሬታ ጋርቦ ሠርቶላታል። በ1940ዎቹ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ከፊቱ ስስ መረብ ወርዶለት ይደረግ ነበር። ስለዚህ ጃኪ ስታደርገው ቅርጹ አዲስ አልነበረም።

አዲሱ ነገር አቀማመጡ ነው። ኮፍያውን የሠራላት ሃልስተን ነው። ዓለም በቀሚስ ያወቀው በኋላ ነው። ያኔ ኒውዮርክ በርግዶርፍ ጉድማን መደብር ውስጥ ኮፍያ የሚሠራ የሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ጃኪ ፀጉሯን ነፋ አድርጋ ነው የምትሠራው። ኮፍያው ከፊት ከተደፋ ያን ሁሉ ፀጉር ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ገፋ ተደርጎ ተቀመጠ። በቃ። ግንባሯ ታየ፣ ፀጉሯም ታየ። ፊቷ ላይ ጥላ የሚጥል ጠርዝ የለም። ቴሌቪዥን እያንዳንዱ ሳሎን ውስጥ እየገባ በነበረበት ዘመን፣ ፖለቲከኛ ባል ላላት ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ኮፍያ የራሱ ጠባይ የለውም። የተሰፋበትን ጨርቅ ጠባይ ነው የሚይዘው። በሱፍ ከሰፋሽው የቢሮ ነው። በጥቁር ከፋይ የእራት ግብዣ። በሳቲን የሰርግ። በሰሌን የበጋ። ጥቁር መረብ ከጨመርሽበት የሀዘን። አቆራረጡ ግን ያው ነው። ሰፊ ጠርዝ ያለውን ባርኔጣ እስቲ እንዲህ አድርጊው! እሱን አድርገሽማ ታክሲ ውስጥም አትገቢም።

እናንተስ? አድርጋችሁ የምታውቁ አላችሁ?

የፒያሳ ልጅ

ፋሽን አይገባኝም፣ ይሄን ኮፍያ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። እህቴ ጥቁሩን ከሳልባጅ ገዝታ፣ ጥቁር ካፖርት ደርባ ቤት ገባች። እናታችን ቀና ብላ አየቻትና «አንቺ! ቆብ ስትጭኚ እንኳን አትነግሪንም?» አለቻት። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ስሟ «እማሆይ» ነው።

ከምሬ ግን አንድ ጥያቄ። ሐረር ጀጎል ውስጥ አባቶች የሚያደርጉት ኮፍያ ከዚህ በምን ይለያል? ጠርዝ የለው፣ አናቱ ዝርግ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። አሜሪካኖቹ ምን ፈጠሩ?

ጥቁር ከፋይ

እማሆይ! ገደልከኝ። ሰላም በልልኝ እሷን።

ታሪክ ወዳድ

የፒያሳ ልጅ፣ ጥያቄህ ቁም ነገር አለው። ቅርጹ ከጥንትም የወንድ ነው። ቬኒስ ውስጥ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ፣ ከሐምራዊ ድንጋይ የተቀረጹ አራት የሮም ገዢዎች ተቃቅፈው ቆመዋል። ሥራው 300 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የመስቀል ጦረኞቹ በ1204 ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ ነው ወደ ቬኒስ የተወሰደው። አራቱም ያደረጉት ይህንኑ ክብ፣ አናቱ ዝርግ ኮፍያ ነው። የዘመኑ የሮም ወታደር የሚያደርገው ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች በአገጭ ማሰሪያ ይዘው ወደ አንድ ጆሮ አዘንብለው ያደርጉት ነበር። ካናዳ ኪንግስተን ያለው ንጉሣዊ ወታደራዊ ኮሌጅ ካዴቶች ዛሬም ከቀዩ የሰልፍ ልብሳቸው ጋር ያደርጉታል። የድሮ ትልልቅ ሆቴሎች ሻንጣ ተሸካሚዎችንም አስቡ። ወታደር፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ ከዚያ ቀዳማዊት እመቤት። ቆንጆ እድገት ነው።

የሐረሩ ግን ከዚህ የተቀዳ አይደለም። የእስልምናው ዓለም የራሱ ረጅም የኮፍያ ታሪክ አለው። ክብ ራስ ላይ የሚቀመጥ ነገር የሚሠራ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ አንድ ቀን እዚህ ቅርጽ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ስለሆነ የጃኪን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር ስታስቧቸው ሌላ መልክ አላቸው። ኬኔዲ ቃለ መሐላ የፈጸመው ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ነው። በኛ ጥር 12 ቀን 1953፣ ቃና ዘገሊላ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከታኅሣሡ ግርግር ገና አንድ ወሯ ነው። እዚህ ደግሞ ከተማው በረዶ ለብሶ አድሯል። ሌሎቹ እመቤቶች የእንስሳ ፀጉር ካፖርት ደራርበው ተቀምጠዋል። ጃኪ ኦሌግ ካሲኒ የሠራላትን ቀለል ያለ ካፖርት ለብሳ፣ ያን ኮፍያ አድርጋ ብቅ አለች። ከመሃላቸው ዓይን የሚገባው እሷ ብቻ ሆነች።

ነፋስ ነበር። ኮፍያው እንዳይሄድባት በእጇ ያዝ ስታደርገው ጎደጎደ። ሃልስተን በኋላ ሲያወራ፣ ፎቶውን ያዩ ሴቶች ደህናውን ኮፍያቸውን ሆን ብለው ማጎድጎድ ጀመሩ ብሏል። ፋሽን እንግዲህ እንዲህ ነው!

ሮዙን ልብስና ኮፍያ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሏ የተገደለ ዕለት የለበሰችው ነው። ዳላስ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1963። በኛ ኅዳር 12 ቀን 1956፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 1፣ ጃንሆይን ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ከባሏ ጋር ሆና የተቀበለችው እሷ ነበረች። ጃንሆይ ለቀብሩ ተመልሰው መጡ። በዳላሱ ቀን ልብስሽን ቀይሪ ቢሏት እምቢ አለች። ያ ሮዝ ልብስ ዛሬ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ በብሔራዊ መዛግብት ተቀምጧል። ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። እስከ 2103 ለሕዝብ አይታይም፣ ቤተሰቡ ያለው እንደዚያ ነው። ኮፍያው ግን አብሮ የለም። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እስቲ ልከራከር

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። ይሄ ሁሉ የጃኪ ዝና ነው። ያቺ ሴት ቅል ብትደፋ ኖሮ ዛሬ ስለ ቅል ውይይት ትከፍቱ ነበር። ደግሞስ እኛ ምን ቤት ነን? እኛ ነጠላ አለን። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ። መርፌና ክር ስለ ፒልቦክስ የዘረዘርሽውን ሁሉ ነጠላ ያደርገዋል። ለለቅሶ ዘቅዝቀሽ ትለብሽዋለሽ፣ አለቀ። መረብ አያስፈልግም።

መርፌና ክር

በነጠላው ላይ ክርክር የለኝም፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ሀበሻ ቀሚስ ላይ ፒልቦክስ ያደረገችም እኔ ጋ ምስጋና የላትም። ሁለቱ አይዋደዱም። ለቀሚሱ ነጠላው፣ ለኮትና ለጉርድ ኮፍያው።

የዝናው ነገር ግን አያስኬድም። ጃኪ ነጭ ጓንት ታደርግ ነበር። እንደ ኮፍያው ሁሉ በብዙ ፎቶ አለ። ዛሬ ከሙሽራ በቀር ማን ያደርገዋል? ዝና ብቻውን ቢያኖር ጓንቱም በኖረ። ኮፍያውን ያኖረው ለሚያደርገው ሰው መመቸቱ ነው። ፊት አይሸፍንም፣ ከኋላሽ የተቀመጠውን ሰው አይጋርድም፣ ስትተቃቀፊ አይጋጭም። ሰርግ ላይ ስንት ሰው እንደምንስም እናውቃለን!

ጡረተኛዋ

ልጆቼ፣ ስለ ፀጉሩ ትንሽ ልጨምር። ሰው ኮፍያን የገደለው ፀጉር ነው ይላል። እውነት አለው። በ1960ዎቹ ፀጉር ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጣ፣ ከፍላ፣ አስነፍታ የወጣች ሴት በላዩ ላይ ምን ልትጭን ነው? ገንዘቧን ነው የምትጨፈልቀው። እኛም አዲስ አበባ ላይ እንደዚያው ነበርን። ትራስ ላይ በሥርዓት አንተኛም ነበር።

ግን የሚያስቅ ነገር አለ። ያ እንደ ንብ ቀፎ ወደ ላይ የሚቆለለው የፀጉር አሠራር ራሱ ከኮፍያ ነው የተወለደው። ቺካጎ ማርጋሬት ቪንቺ ሄልት የምትባል ፀጉር ሠሪ ነበረች። በ1960 አንድ የሙያ መጽሔት አዲስ አሠራር አምጪ አላት። እሷም የምትወዳት ትንሽ ጥቁር ከፋይ ኮፍያ ነበረቻት፣ ጠርዝ የሌላት፣ ከፒልቦክስ የማትርቅ። የዚያችን ቅርጽ በፀጉር ሠራችው። ኮፍያዋ ላይ ንብ የምትመስል ጌጥ ስለነበረች የንብ ቀፎ የሚለው ስም ወጣለት። እንግዲህ ፀጉሩ የኮፍያ ልጅ ነው፣ አድጎ እናቱን ገፋ።

ሌላው ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ የተማርኩት ካቶሊክ ሲስተሮች ጋ ነው። የ1917ቱ የካቶሊክ ሕግ ሴት ቅዳሴ ስትገባ ራሷን ትሸፍን ይል ነበር። የ1983ቱ አዲስ ሕግ ያን አንቀጽ ተወው። ልማዱ ቀድሞም ላልቶ ነበር። በየእሑዱ ኮፍያ የሚፈልግ ሰው ሲጠፋ ባርኔጣ ሰሪው ምን ይብላ? ትልልቆቹ ኮፍያዎች ያኔ አለቁ። ትንሿ ግን እንደ ጌጥ ሆና ተረፈች።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ ጡረተኛዋ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ ግን የጥቁር አሜሪካውያንን ቤተ ክርስቲያኖች ቢያዩ ይደሰቱ ነበር። እሑድ ጠዋት እናቶች ከልብሳቸው ቀለም ጋር የተመሳሰለ ኮፍያ አድርገው ሲወጡ ዓይን አይነቀልም። ትልልቁም አለ፣ ፒልቦክሱም በዕንቁና በላባ አጊጦ አለ። እዚያ ኮፍያ ሞተ ቢሏቸው ይስቁብዎታል።

ዱባይ ያለሁት

የኤምሬትስ አየር መንገድ አስተናጋጆችን ያየ እጁን ያውጣ። ያ ቀዩ ኮፍያ፣ በጎኑ ነጭ ስስ ሻርፕ የሚወርድለት፣ ለእኔ የፒልቦክስ ዘመድ ነው። በ1960ዎቹ ብዙ አየር መንገዶች አስተናጋጆቻቸውን ፒልቦክስ ያስደርጉ ነበር። ገብቶኛል ለምን እንደሆነ፦ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ አድርገሽ ሻይ ቅጂ እስቲ።

እዚህ ኤርፖርት ውስጥ ሲሰለፉ ሳያቸው ሁሌ ቆሜ ነው የማያቸው። ዩኒፎርም ላይ እንዲህ የሚያምር ኮፍያ ሌላ አላውቅም።

ጥቁር ከፋይ

እንግሊዞቹን ረሳችኋቸው። ንጉሣውያኑ ባይኖሩ ይሄ ኮፍያ ሙዚየም ገብቶ ነበር። የልዑል ዊልያምን ሚስት ካትሪንን በንግሥት ኤልሳቤጥ ባል በልዑል ፊሊፕ ቀብር ላይ፣ ኤፕሪል 2021፣ አስታውሷት። ትንሽ ጥቁር ኮፍያ ከመረብ ጋር። መኪና ውስጥ ሆና የተነሳችው ያ ፎቶ ዓለምን ዞረ።

ደግሞ ሕግም ረድቶታል። የሮያል አስኮት ፈረስ እሽቅድምድም ላይ፣ በንጉሣዊው ግቢ ለሚገቡ ሴቶች ከ2012 ጀምሮ ደንቡ ጠበቀ። ላባና አበባ በፀጉር መያዣ ሰክቶ «ኮፍያ አድርጌያለሁ» ማለት ቀረ። ራስ ላይ የሚደረገው ነገር መሠረቱ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ይኑረው ተባለ። እስቲ አስቡት፣ ትልቅ ባርኔጣ የማትወድ ሴት ምን ቀራት? ፒልቦክስ። ይሄን ደንብ ያወጣውን ሰው ኮፍያ ሰሪዎች ሊመርቁት ይገባል።

ሙሽሪት ነኝ

ሰላም፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ የማነብ ነኝ። ይሄን ውይይት ሳይ መጠየቅ አለብኝ አልኩ። ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ቤተሰብ ብቻ ምሳ ልንበላ ነው። ቬሎ አልፈልግም። ክሬም ቀለም ኮትና ጉርድ አሰፍቻለሁ። ፒልቦክስ ከትንሽ መረብ ጋር ያምርብኛል? ፊቴ ክብ ነው፣ ፀጉሬ የተፈጥሮ ፍሪዝ ነው፣ ብዙ ነው። የሚሸጥ ፈልጌ አጣሁ። ልብስ ሰፊዬ ደግሞ «ኮፍያ አልሠራም» አለኝ።

መርፌና ክር

እልል! እንኳን ደስ አለሽ። ልብስ ሰፊሽ የፈራው ኮፍያ የሚለውን ስም ነው። ፒልቦክስ የእንጨት ቅርጽም እንፋሎትም አያስፈልገውም። አንድ ክብና አንድ ቀበቶ ነው። ይሄን አሳይው።

መጀመሪያ መጠኑን ወስኚ። የራስሽን ዙሪያ ለኪ፣ 56 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ለ3.14 ስታካፍይው 17.8 ይመጣል። ይሄ ራስሽን ሙሉ በሙሉ የሚይዘው ኮፍያ የአናቱ ስፋት ነው። አንቺ ግን ብዙ ፀጉር አለሽ፣ ላዩ ላይ ቁጭ የሚል ነው የሚያስፈልግሽ። ስለዚህ 15 አድርጊው። ቀበቶው 15 በ3.14፣ ማለትም 47 ሳንቲሜትር ገደማ ርዝመት ይኖረዋል። ከፍታው ከ5 እስከ 7። ፊትሽ ክብ ስለሆነ ወደ 7ቱ ጠጋ በይ፣ ቁመት ይሰጥሻል። በየዳሩ ለስፌት 1 ሳንቲሜትር ጨምሪ። ኮፍያ ላይ ይሄን የረሳ ሰው የሕፃን ኮፍያ ሰፍቶ ይነሳል።

ሦስት ሽፋን ነው። ከላይ የኮትሽ ጨርቅ፣ መሃል ማጠንከሪያ፣ ከውስጥ ገበር። ማጠንከሪያው ለኮት አንገትጌ ከሚገባው የወፈረ ይሁን፣ ቀጭን ከሆነ ሁለት ድርብ አድርጉት። ካርቶን የሚልሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚው። አንዴ ዝናብ ከነካው ተጣጥፎ ይቀራል። ቀበቶው መጀመሪያ ዙሪያውን ይገጠማል፣ ከዚያ ክቡ ይሰፋበታል። ክቡን ከመስፋታችሁ በፊት በአራት ቦታ ስፒል ይዛችሁ እኩል አከፋፍሉት፣ አለበለዚያ አንድ ጎን ይጨማደዳል። ገበሩ መጨረሻ ላይ በእጅ ነው የሚሰፋው። በማሽን ከሰፋው ከውጭ ያስታውቃል።

መረቡ ከአፍንጫሽ ጫፍ እንዳይወርድ። ምሳ እየበላሽ ነው፣ ክትፎ ውስጥ ይገባል።

ሙሽሪት ነኝ

ኧረ ክትፎው በእርግጥ አለ! አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ገልብጬ ወስጄዋለሁ። ግን ፍሪዝ ላይ በምን ይቆማል? ስስቅ ራሴን ወደ ኋላ የምጥል ሰው ነኝ።

ጥቁር ከፋይ

የፀጉር ሥራው የኔ ሙያ ነው፣ እኔ ልመልስ። የኛ ፀጉር ለዚህ ኮፍያ ከማንም ፀጉር ይሻላል። የፈረንጅ ለስላሳ ፀጉር ላይ ይንሸራተታል። ኮፍያው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ሦስት አራት ቀጭን ሹሩባ ጠፍጣፋ አድርገሽ ተሠሪ። ከሥሩ ስለሚደበቅ አይታይም። ኮፍያው ውስጥ፣ ከፊት በኩል ትንሽ ማበጠሪያ ይሰፋል። ያቺን ሹሩባው ሥር ታስገቢያታለሽ። ከዚያ ከግራና ቀኝ ጎኑ የሚነሳ ቀጭን ጥቁር ላስቲክ ከፀጉርሽ ሥር ወደ ማጅራት ይዞራል። በአገጭ ሥር አይደለም! እንደዚያ የልደት ቀን የወረቀት ኮፍያ ይሆናል። የቀረውን ፍሪዝሽን በጎንና በኋላ ልቀቂው። ሳቂ እንደፈለግሽ።

ፊትሽ ክብ ስለሆነ ደግሞ መሃል ላይ ቀጥ አታድርጊው። ወደ አንድ ቅንድብ ትንሽ ይዘንበል።

እስቲ ልከራከር

እኔም ልመርቅ፣ ጋብቻሽ የአብርሃም የሣራ ይሁን። ማታ ቤት ስትገቡ ግን ነጠላውን አትርሺ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

መርፌና ክር፣ ለእኔም አንድ ምክር። እዚህ የአሮጌ ልብስ መደብር ውስጥ አረንጓዴ የሱፍ ፒልቦክስ አግኝቻለሁ። ውስጡ በእጅ የተሰፋ ነው፣ ዙሪያውን ሪባን አለው። ግን አናቱ ገባ ብሏል፣ ናፍታሊንም ይሸታል። ይድናል?

መርፌና ክር

ይድናል። በመጀመሪያ ግን ሪባኑን ገልበጥ አድርገሽ እዪ፣ የብል ቀዳዳ ካለ እዚያ ነው የሚጀምረው። ጤነኛ ከሆነ ማንቆርቆሪያ ጥደሽ እንፋሎቱ ላይ ከራቅ አድርገሽ ያዢው፣ ውስጡን። ሱፉ ለስለስ ሲልልሽ በጣቶችሽ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋ ገፋ እያደረግሽ አናቱን አቅኚው። ከዚያ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ሞልተሽ ሌሊቱን ይደር። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ገበሩን ያበላሸዋል። ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪው፣ ይጠብባል።

ለሽታው ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው፣ ፀሐይ አረንጓዴውን ያነጣዋል። ሽቶ አትርጪበት። አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ወስደሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጊ። ስታስቀምጪው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አይሁን፣ ካርቶን ሳጥን ይሻላል።

የፒያሳ ልጅ

እናታችን ይሄን ሁሉ አነበብኩላት። «አረንጓዴ ከሆነስ ደህና» አለች። እህቴ ቀለም ልትቀይር ነው።